የስማቸው ምላስና የእማማ ደብሬ ምላጭ

ይህቺ ተረት ስትነሣ አጭር ናት፤ እየሄደች ነው የምትረዝመው። የቸኮለ ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ የቀረ ጠጋ ብሎ ይስማ።

ቁልቋሎ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች እጇ ለሥራ የፈጠነ፣ ሆዷ ግን ጥርጣሬ የማያጣው ሴት ናት። ዶሮ ሲጮኽ «ለማን ነው የሚጮኸው?» ትላለች። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቢስቅ «በእኔ ነው» ትላለች፤ ሳይስቅ ቢያልፍ ደግሞ «ምን አስቀየምኩት?» ትላለች። ጎረቤት እሳት ሊጭር ቢመጣ እሳቱን ትሰጥና ከአጥሩ እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ትከተለዋለች።

ምኞቷ ግን ትንሽ ነበረች። ስማቸው የሚባለው ልጇ «እማዬ» እንዲላት ነበር የምትፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለገች።

ስማቸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንዲት ቃል ግን ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ጆሮው ደህና ነው፤ ሌማቱ ሲከፈት ከደጅ ሆኖ ይሰማል። እግሩም ደህና ነው፤ ጥጃ ያባርራል። ውሃ ሲጠማው ቅሉን እየጎተተ ያመጣል፤ ሲከፋው ከበሩ ኋላ ሄዶ ይቆማል፤ ደስ ሲለው ይስቃል። ብቻ አይናገርም። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የጎረቤቷ የአበዛሽ ልጅ ስንዱ አለች። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ነው የተወለዱት። ስንዱ የመንደሩን ወሬ ከእናቷ ቀድማ ትጨርሳለች፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ድስት እንዳረረ ሳይጠይቋት ትናገራለች። አንጓች ያቺን ልጅ በሰማች ቁጥር ሆዷ ይቃጠላል።

ባሏ ቢምረው ረጋ ያለ ሰው ነው። «ተይው፤ ሲደርስ ይናገራል። እኔም በልጅነቴ አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው» ይላታል።

«አንተማ ገና መቼ ፈታኸውና!» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ቢምረው ከቁርስ እስከ እራት የሚያወጣው ቃል እፍኝ አይሞላም።

አንድ ቀን ጠዋት አበዛሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና «አንጓችዬ፣ ክፉ አልተናገርኩም፤ የዚህ ልጅ ምላስ ታስሯል። ከምላሱ ሥር ክር የመሰለ ነገር አለ። እማማ ደብሬ በምላጭ ቆረጥ ካደረጉት ወዲያው ይፈታል» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ መቼ አፉን ከፍተሽ አየሽ?» አለች አንጓች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ።

«ኧረ ሰው ሲል ሰምቼ ነው» አለች አበዛሽና ፊቷን መለሰች።

ነገሩ አንጓች ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በመንደሩ በምላጭ የሚያክሙት እማማ ደብሬ የቆረጡት ሁሉ እንደማይድን ታውቃለች። ከወንዙ ማዶ አንድ ሕፃን ከምላሱ ሥር ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ በእናቱ እጅ ላይ ቀርቷል። ይህን ስታስብ «አላስነካውም» ትላለች። መልሳ ደግሞ «ታስሮ ቢሆንስ? እኔ ስፈራ ስቸር ለዘላለም እንደታሰረ ቢቀርስ? ቢምረው ተይው የሚለኝ ምን አውቆ ነው? ሁሉም የሚያውቁት፣ ከእኔ ብቻ የደበቁት ነገር አለ» ትላለች። እንዲህ ስትል ስትል ከፍርሃቷ ጥርጣሬዋ በለጠ። ስማቸውን በአንቀልባ አዘለችው። ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ ማዘል ወገብ ይቆርጣል፤ ግን አንጓች ልጇን ለማን አምና ትተወው?

እማማ ደብሬ ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ምላጩን ከሻሻቸው እጥፋት አወጡና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ሞከሩት።

«ዶልዱሟል» አሉ። «በዶልዱም ምላጭ የልጅ አፍ አልነካም። ቀጥቃጩ ጌጡ ዘንድ ውሰጂውና ይሳለው።»

«የእኔ ልጅ ሲሆን ነው የሚዶለዱመው?» አለች አንጓች።

«ልጄ፣ ምላጩ የማን ልጅ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

አንጓች ይህንንም አላመነችም። ቢሆንም ምላጩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና መንገድ ገባች፤ እየሄደችም እንዲህ ትላለች፦ «ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።»

አያ ጌጡ ከመንደሩ ዳር ብቻውን ይኖራል። ብረት ቀጥቃጭ ነውና ሰው ዓይኑን ይፈራል፤ ማረሻ ሲሰበር ግን ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል። አንጓችም ደጁ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው የልጇን ፊት በነጠላ መሸፈን ነበር። ከዚያ ምላጩን አውጥታ «አያ ጌጡ፣ ይህን ይሳሉልኝ። ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም» አለችው።

አያ ጌጡ ምላጩን አላየም፤ ነጠላውን ነው ያየው።

«ልጅሽን ከእኔ ዓይን ትሸሽጊዋለሽ፤ እኔ የሳልኩትን ምላጭ ግን አፉ ውስጥ ልታስገቢ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?» አላት።

አንጓች አፈረች፤ ነጠላውን ግን አልገለጠችም።

«ይሁን» አለ አያ ጌጡ። «ይህ በድንጋይ የሚሳል አይደለም፤ በእሳት ግሎ መቀጥቀጥ አለበት። ወናፌ ደግሞ ባዶ ምድጃ አይነፋም። ከአያ ጫኔ ከሰል አምጪልኝ። መጀመሪያ ከሰሉን ልይ፤ ምላጩን ከዚያ በኋላ ነው የምነካው።»

«አያምኑኝም ማለት ነው?»

«አንቺስ አምነሽኛል?»

አንጓች ጀርባዋ ላይ ልጇን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች፤ እየሄደችም እንዲህ ትላለች፦ «ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።»

አያ ጫኔ ከባሕር ዛፉ መሃል አፈር ያለበሰውን የከሰል ክምር ይጠብቃል። የሰው ኮቴ ሲሰማ ዘሎ ከግንድ ኋላ ተሸሸገ።

«ማን ነው የላከሽ?» አለ አንገቱን ብቻ አውጥቶ። «ደን ጠባቂው ነው አይደል?»

«ማንም አልላከኝም። ከሰል ፈልጌ ነው። ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ማን አስጠናሽ?» አለ አያ ጫኔ። ዞሮ ዞሮ ግን ከግንዱ ኋላ ወጣ፤ ደን ጠባቂ ልጅ አዝሎ አይመጣም ብሎ አሰበ። «ከሰሉስ አለ፤ ይኸው በጆንያ ታስሯል። እኔ ግን ተሸክሜ አልወርድም። አህያዬ ከትናንት ጀምሮ ተኝታ አልነሣም ብላለች። አስነሺያትና ወደ አያ ጌጡ ይወርድልሻል።»

አንጓች አህያዋን ልታስነሣ ሄደች፤ እየሄደችም እንዲህ ትላለች፦ «አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።» በጀርባዋ ላይ ስማቸው ቃሏን እየተከተለ በተረከዙ ወገቧን ይመታል። እሷ ተሰላችቶ ነው ብላ ጠረጠረች።

አህያዋ ጥላ ሥር ተዘርግታለች። አንጓች ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ ያንኑ ሁሉ ነገረቻት። አህያዋም አንድ ዓይኗን ገለጠችና «ያ ሁሉ ከሰል የሚጫነው በማን ላይ ነው?» አለች።

በዚያ ዘመን አህያ ይናገር ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይናገር ነበር፤ እኔ ምን ላድርግ? አንጓችንም ያንገበገባት ይኸው ነው። አህያ እንኳ ስትናገር የእሷ ልጅ ዝም!

«በአንቺ ላይ ነዋ» አለች አንጓች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች አህያዋ። «ባለፈው ተነሺና ጭድ እንሰጥሻለን አሉኝ፤ ተነሣሁ፤ ጫኑኝ፤ ጭዱ ግን እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። አሁን ጭዱን በዓይኔ ሳላይ አልነሣም። አበዛሽ ዘንድ አሮጌ ጭድ አለ፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል።»

አበዛሽ! አንጓች ስሙን ስትሰማ ቆም አለች። ጠዋት ወደ ምላጭ የላከቻት አበዛሽ ናት፤ አሁን መንገዱ ዞሮ ወደ አበዛሽ ደጅ ሆነ። «ይህ ነገር ተመክሮበታል» አለች። ቢሆንም ሄደች፤ እየሄደችም እንዲህ ትላለች፦ «ጭዱ ካልወጣ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።»

አበዛሽ ከግድግዳዋ ሥር ጭቃ ልታቦካ ተዘጋጅታ፣ አሮጌውን ጭድ ከጎኗ ከምራ ተቀምጣለች። አንጓች ያን ሁሉ ስትደረድርላት እጇን ጭዱ ላይ ጫነች።

«ጭዴን? ከደጄ?» አለች። «ለአህያ ነው ትያለሽ። እኔ ምን አውቃለሁ? የልጄን ንግግር ከደጄ ጠርገሽ ልትወስጂ ብትሆኚስ?»

«ምላሱን አስቆርጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«አስቆርጪ አልኩ እንጂ ጭዴን ውሰጂ አልኩሽ? አባ ይግዛው ዛሬ ጤፉን አበራይቶ ጨርሷል። ከአውድማው አዲስ ጭድ ካመጣሽልኝ አሮጌውን ውሰጂ። አዲሱን ሳላይ ግን አንዲት ዘለላ አላወጣም።»

እነሱ ሲነታረኩ ስንዱ በአንጓች ጀርባ ዞረችና «ስማቸው፣ ለምንድን ነው የማትናገረው? አታውቅም? እኔ ግን አውቃለሁ። ትናንት እማዬ ድስት ሰበረች» አለችው። ስማቸው ዝቅ ብሎ አያትና ምላሱን አወጣባት። ረጅም ምላስ ነው፣ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንጓች አላየችም፤ ጀርባዋ ዓይን የለውም። አበዛሽ ግን ታስሯል ያለችውን ምላስ አይታለች። ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች፤ ለአንጓች ግን አልነገረቻትም።

አንጓች ወደ አውድማው ቁልቁል ወረደች፤ እየወረደችም እንዲህ ትላለች፦ «አዲሱ ጭድ ካልመጣ አሮጌው አይወጣም፤ አሮጌው ካልወጣ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ ልጄ እማዬ አይለኝም።»

እንግዲህ በቁልቋሎ አገር የአውድማ ሕግ አለ። እህሉ ከጭዱ ተለይቶ እስኪነሣ ድረስ በአውድማ ላይ ነገር በስሙ አይጠራም። ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ እንግዳ ድምፁን አያሰማም። ስሙን የሰማ ክፉ ነገር መጥቶ በረከቱን ይዞ ይሄዳል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ሰዎቹ በጥቅሻና በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት፤ የግድ ሲሆን ደግሞ በሹክሹክታ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ በሰጡት የአውድማ ስም።

አንጓች ስትደርስ አባ ይግዛው ከነልጆቹ መንሹን አጋድሞ በክምሩ ዙሪያ ተኝቷል። አፏን ስትከፍት ብድግ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዳር ወዳለው ድንጋይ ጠቆማት፤ ከዚያ እንዳታልፍ። ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አላነሣም። ሴት ልጅ አዝላ በዚህ ሰዓት ወደ አውድማ የመጣችው ለደህና ነገር ነው ብሎ አላመነም።

አንጓች ድንጋዩ ጋ ቆመች። ያን ሁሉ ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ዝም ማለት አነቃት። በእጇ ጭዱን አሳየች፤ አንድ እቅፍ ብቻ፣ ስትል በክንዷ ለካች። አባ ይግዛው ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወደ ላይ በተነው። እህሉም፣ ጭዱም፣ ገለባውም አብረው ቀጥ ብለው እግሩ ሥር ወደቁ። ነፋስ የለም ማለቱ ነው። ከዚያ መልሶ ጋደም አለ። ልጆቹም ጋደም ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም ነፋሱን አልሰደበም።

አንጓች ግን መቆም አቃታት። እንባዋ መጣ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አንዲት ቃል ነበር የፈለገችው፤ አሁን የቆመችው ማንም አንዲት ቃል በማይተነፍስበት ቦታ ነው። ከንፈሯን ነከሰችና ዝም አለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምላሱ የሚያወራ ሰው አጠገቡ አጣ ስማቸው።

ያን ጊዜ ከጀርባዋ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ።

«ነፋስ ካልነፈሰ አዲሱ ጭድ አይመጣም፤ አዲሱ ጭድ ካልመጣ አሮጌው አይወጣም፤ አሮጌው ካልወጣ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ምላጩ አይሳልም፤ ምላጩ ካልተሳለ ምላሱ አይፈታም፤ ምላሱ ካልተፈታ…»

ይህን ብሎ አቆመ።

አባ ይግዛው መንሹን ይዞ ተነሣ። «ማን ነው የተናገረው? ጭዱን በስሙ የጠራው ማን ነው?» አለ፤ በንዴቱ እሱም ራሱ ጭዱን በስሙ ጠራው።

አንጓች የምታደርገው ጠፋት። እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የልጇን አፍ ያዘች። ከጠዋት ጀምሮ ያን አፍ ለማስከፈት አገር ያዳረሰች ሴት፣ ሲከፈት በመዳፏ ዘጋችው! ወዲያው ደግሞ ለቀቀችው፤ መልሳ ያዘችው። ደስታው ከፍርሃቱ ጋር ተደባለቀባት። ጥርጣሬም አልቀረም። «የነፋሱን ነገር እኔ አላልኩም» አለች በሆዷ። «ማን ነገረው? ራሱ አይቶ ነው?»

አባ ይግዛው ከድንጋዩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆቡ ከራሱ ላይ ተነሥቶ ሄደ። ነፋስ ነው። ልጁን ሰምቶ መጣ ወይስ ሰዓቱ ደርሶ መጣ? እኔ እንጃ። አባ ይግዛውም ነፋሱን በጥርጣሬ አየው፤ ሰማዩን አየ፣ ልጁን አየ፣ ክምሩን አየ። ልጆቹ ግን መንሻቸውን አንሥተው ነበር። እህሉ ወደ ታች፣ ጭዱ ወደ ዳር መዝነብ ጀመረ። ነፋስ ሲመጣ ጠብ የሚፈልግ ገበሬ የለም። አባ ይግዛው አንድ ትልቅ እቅፍ አዲስ ጭድ አነሣና ክንዷ ላይ ጣለላት፤ በእጁም «ሂጂ፣ ሂጂ፣ አፉን ይዘሽ ሂጂ» አላት።

አንጓች ከአውድማው ራቅ እንዳለች ልጇን ወደ ፊቷ አዞረችው። «በል እስቲ፣ ስማቸው። ምላሱ ካልተፈታ… ከዚያስ? እማዬ በል።»

ስማቸው ጣቱን ጎረሰ።

«አህያዋን አልህ፤ ከሰሉን አልህ። እኔን ብቻ ዘለልከኝ?»

ስማቸው ጭዱን ያሻታል። አንጓች ልቧ ተሰበረ። ለነፋስና ለአህያ የሚሆን ቃል አለው፣ ለእናቱ የሚሆን የለውም። «እንግዲያው ያ ክር እዚያችው ቃል ላይ ነው የታሰረው» አለች። ምላጩን ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ዳሰሰችው። ለሰውም አልተናገረችም፤ ተናገረ ብትል በዓይን ይበሉታል ብላ ፈራች።

እናም ነገሩ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ሲመለስ ደግሞ እንዴት ይሮጣል! ነፋሱ ነፈሰ፤ አዲሱ ጭድ መጣ። አዲሱ ጭድ መጣ፤ አበዛሽ ዘለላ ዘለላውን አገላብጣ አየችና አሮጌው ወጣ። አሮጌው ወጣ፤ አህያዋ ግማሹን በላችና የቀረውን አስጠብቃ ተነሣች። አህያዋ ተነሣች፤ ከሰሉ መጣ። ከሰሉ መጣ፤ ወናፉ ነፋ። ወናፉ ነፋ፤ ምላጩ ግሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሳለ። አያ ጌጡ ምላጩን ሲሰጣት «ሥራዬ ጥሩ ነው» አለ። «ሥራዬ ጥሩ መሆኑን ዛሬ ግን አልወደድኩትም።» አንጓች ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ምላጩ ተሳለ፤ የቀረው ምላሱ ነው።

እማማ ደብሬ ምላጩን ወደ ፀሐይ አነሡት። ከራሳቸው አንዲት ሽበት ነቅለው ጣል ቢያደርጉበት ለሁለት ሆና ወደቀች። «አሁን ምላጭ ሆነ» አሉ። «አውርጂውና ጭንቅላቱን በጉልበቶችሽ መሃል ያዢ።»

አንጓች አወረደችው። ቁጭ አለች። ጭንቅላቱን ያዘች። ስማቸው ምላጩን አየ፣ እናቱን አየ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። አላለቀሰም፤ አልታገለም።

«አፍህን ክፈት በይው» አሉ እማማ ደብሬ።

አንጓች እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ የጠረጠረችውን ሁሉ አሰበች። አበዛሽን ጠርጥራለች፤ አያ ጌጡን ጠርጥራለች፤ አህያዋን እንኳ ጠርጥራለች። ከሁሉ በላይ ይህን ትንሽ ልጅ ጠርጥራለች፣ የሆነ ነገር ይጎድለዋል ብላ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቀኑን ሙሉ የዞረችውን ምላጭ ግን አንድ ጊዜም አልጠረጠረችውም። አሁን ገና ጠረጠረችው።

«እማማ፣ ይቅር» አለች።

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«መቁረጡ። ለነፋሱ ማንም ምላጭ አልሳለለትም፤ ተኝተው ጠበቁት፣ መጣ። እኔም ልጄን እጠብቀዋለሁ።»

«እማዬ ሳይልሽ ቢቀርስ?»

አንጓች ይህችን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሳይለኝም ልጄ ነው» አለች፤ ብድግ ብላም አዘለችው።

«ቀኑን ሙሉ ሰውና አህያ ስታስነሺ ውለሽ!» አሉ እማማ ደብሬ። «ታዲያ ይህን የተሳለ ምላጭ ምን ላድርገው?»

«ጥፍርዎን ይቁረጡበት» አለች አንጓች፤ ወጣች።

ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ምንም አትልም ነበር። የምትደረድረው ነገር አልቆባት ዝም ብላ ትሄዳለች።

«እማዬ።»

አንጓች ቆመች። መጀመሪያ ጠረጠረች፤ ስንዱ ናት፣ እናቷን እየተጣራች ነው አለች። በአጥሩ አሻግራ አየች፤ ማንም የለም። ወደ ኋላ ዞረች፤ መንገዱ ባዶ ነው።

«እማዬ» አለ ደግሞ፤ ትኩስ ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ አረፈ። «አውርጂኝ።»

«ወዬ!» አለች አንጓች። «ወዬ፣ ልጄ! ወዬ!» እያለቀሰችም አንቀልባውን ፈታች።

አወረደችው። ስማቸው በራሱ እግር መሄድ ጀመረ። ጉንዳን ሲያይ ይቆማል፤ ጠጠር ሲያገኝ ያነሣል፤ የጣለውን ሊፈልግ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቤታቸው እዚያው ይታያል። ያን ቀን አገር ምድሩን በሩጫ ያዳረሰችው አንጓች ከኋላው ሆና፣ ሲቆም እየቆመች፣ ሲሄድ እየሄደች ተከተለችው።

የእኔ ነገር በዚህ አበቃ፤ ያመነ ይመን። የተጠራጠረ ደግሞ ቁልቋሎ ወርዶ ስማቸውን ራሱን ይጠይቀው፤ ግን ሥራ የሌለው ቀን ይምረጥ፤ ልጁ አንዴ ከጀመረ ሳይጨርስ አይለቅም።